በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመምህራን፥ በወላጆችና በተማሪዎች ፊት የተደረገ ንግግር)





ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ዕውቀት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሥራ ክቡርነት ብዙ መልካም ቃል ተሰምቷል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ለመናገርም ለመስማትም ጥቂት የሚከብድ ነው። ልናገር ያሰብሁት ስለ ሴቶች የጡት ነቀርሳ፥ ይኸውም ዛሬ ሁላችን ካንሰር ስለምንለው በሽታ፥ እንዲሁም አንዲት ሴት ጡቷን በገዛ እጇ ስለምትመረምርበት ዘዴ ነው።

ይህን ርእስ ለመምህሬ ባሳየሁ ጊዜ፥ «አባቶች በተቀመጡበት ትናገሪዋለሽን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም፥ «መምህር፥ አባቶች ባይኖሩማ ንግግሬ ግማሽ ይሆናል» ብዬ መለስሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ወደ ፍጻሜው ትረዱታላችሁ። እስከዚያው ድረስ ልጃችሁና እኅታችሁ መሆኔን አስባችሁ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ሆነ ልናገር። ሰውነታችን የተሠራው ለዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ነው። ሕዋሳቱ በሥርዓት ይወለዳሉ፥ በሥርዓት ያረጃሉ፥ በሥርዓትም ይተካሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን አንዱ ሕዋስ ከሥርዓቱ ይወጣና ያለ ልክ ይራባል። በጡት ውስጥ እንዲህ ሲሆን ዕባጭ ይፈጠራል፤ ዕባጩም በጊዜ ካልታከመ ወደ ብብት፥ ከዚያም ወደ አጥንት፥ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ሊዘልቅ ይችላል። እንግዲህ በሽታው የቡዳ ሥራ አይደለም፤ የእርግማን ውጤትም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው በመንካት ወይም አብሮ በመብላት የሚተላለፍም አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 2.3 ሚሊዮን የሚያህሉ ሴቶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተውበታል። በአገራችን በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ ከሚታዩት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ አንደኛው ይኸው የጡት ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ግምት በአንድ ዓመት ውስጥ በኢትዮጵያ 16 ሺህ ያህል ሴቶች በአዲስ ታመዋል፤ 9 ሺህ ያህል ደግሞ ሞተዋል። በበለጸጉት አገሮች በሽታው የሚበዛው በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ሲሆን፥ በእኛ አገር ግን ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በ40ዎቹ ዕድሜ ዙሪያ ያሉ፥ ልጆች የሚያሳድጉ፥ ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶች ናቸው።

ቁጥር ግን ፊት የለውም፤ ስለዚህ ፊት ያለውን ነገር ልንገራችሁ።

የእናቴ ታናሽ እኅት በሂርና ከተማ ትኖር ነበር። በገበያ ቀን ቡናና ቅመማ ቅመም ትሸጥ ነበር፤ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፥ ሰው የምትወድ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር በጣቷ ነካች። አላመማትም፤ ስለማያምም ደግሞ በሽታ አልመሰላትም። ለባሏ እንዳትነግረው አፈረች፤ ለእናቴ እንዳትነግራት «ለምን አስጨንቃታለሁ» አለች። ለአንዲት ጎረቤቷ ብቻ ነገረቻት፤ ጎረቤቷም «ምች ነው» ብላ ቅጠል ጨቅጭቃ ለጠፈችላት። ሽምብራዋ ባቄላ አከለች፤ ባቄላዋ ሎሚ አከለች። በመጨረሻ ቆዳው ቆሰለና ሽታው አላስቀምጥ ባላት ጊዜ ወደ እኛ ቤት ወደ ጭሮ መጣች።

እናቴ ወደ ሐኪም ቤት ስትወስዳት አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ፥ «እኅቴ፥ ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት። አክስቴም ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ፥ «ሁለት የቡና ለቀማ አለፈው» አለች። ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት፤ ነገር ግን በሽታው አጥንቷ ድረስ ገብቶ ነበር። በስድስተኛው ወር ሞተች። የመጨረሻ ልጇ ዛሬ ከእኛ ጋር ይኖራል፤ በዚህ ትምህርት ቤት ጓሮ በሚገኘው ሠፈር ኳስ ሲጫወት ታዩት ይሆናል። እናቴ እስከ ዛሬ የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «በአንድ አልጋ ተኝተን ያደግን እኅትማማቾች ነን፤ እንዴት አልነገረችኝም?» ትላለች።

እኅቶቼ፥ ይህ ኀፍረት የአክስቴ ብቻ አይደለም፤ የሐረርጌም ብቻ አይደለም። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ከ2400 ዓመታት በፊት እንደ ጻፈው፥ የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት አቶሳ በጡቷ ላይ ዕባጭ ወጣባት። ትንሽ ሳለ አፍራ ደበቀችው፤ እየሰፋ በሄደና በጨነቃት ጊዜ ግን ዲሞኬዴስ የተባለውን የግሪክ ሐኪም አስጠርታ አሳየችው፤ እርሱም አከማት። በሽታው በእርግጥ ነቀርሳ መሆኑ አይታወቅም። ነገር ግን በቤተ መንግሥት የምትኖረዋ ንግሥትና በሂርና ገበያ ቡና የምትሸጠው አክስቴ የያዛቸው ኀፍረት አንድ ነው። ልዩነቱ ንግሥቲቱ በመጨረሻ አፏን መክፈቷና ጊዜው ሳያልፍ ሐኪም ማግኘቷ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አሁን ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እናገራለሁ፤ የምትችሉ በደብተራችሁ ጻፉት።

አንደኛ፥ ጊዜውን መምረጥ ነው። የወር አበባ የሚመጣላት ሴት አበባዋ ካቆመ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትመርምር፤ በዚያን ጊዜ ጡት ስለማያብጥና ስለማያምም በእጅ ለመለየት ይቀላል። የወር አበባዋ የቆመ እናት ግን ከወሩ አንዱን ቀን፥ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፥ መርጣ ታስታውስ።

ሁለተኛ፥ በዓይን ማየት ነው። በመስተዋት ፊት፥ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ፥ በመጀመሪያ እጅን ወደ ታች ለቅቆ፥ ቀጥሎ እጅን ወደ ላይ አንሥቶ፥ ከዚያም እጅን ወገብ ላይ ጫን አድርጎ መመልከት ነው። የሁለቱ ጡቶች መጠን ጥቂት ቢለያይ የተፈጥሮ ነው፤ የምንፈልገው አዲስ የመጣ ለውጥ ነው።

ሦስተኛ፥ በእጅ መዳሰስ ነው። በጀርባ ተኝቶ፥ የቀኝ ጡት በግራ እጅ፥ የግራ ጡት በቀኝ እጅ ይመረመራል። የሚዳሰሰው በሦስቱ የመካከል ጣቶች፥ ከጣቶቹ ጫፍ ዝቅ ብሎ ባለው ለስላሳ ክፍል ነው። ጣቶቹ ትንንሽ ክብ እየሠሩ፥ መጀመሪያ በቀላሉ፥ ቀጥሎ ጠበቅ አድርገው፥ በመጨረሻ እስከ ጎድን አጥንት እስኪደርሱ ተጭነው ይሂዱ። ገበሬ እርሻውን ትልም በትልም እንደሚያርስ፥ ከላይ ወደ ታች፥ ከታች ወደ ላይ እያሉ ምንም ቦታ ሳይዘሉ ማዳረስ ነው። ድንበሩም ከላይ በአንገት ሥር ያለው አጥንት፥ ከመካከል የደረት አጥንት፥ ከጎን ብብት ነው። ብብትን የረሳ ምርመራውን አልጨረሰም።

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፦ በጡት ወይም በብብት ውስጥ ያለ አዲስ ጓጓላ፤ የአንዱ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ መለወጥ፤ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤ ከጡት ጫፍ ደም ወይም ሌላ ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት፤ የማይድን ቁስል ወይም መቅላት። ከእነዚህ አንዱን ያየች ሴት «አያመኝም» ብላ አትዘናጋ፤ የጡት ነቀርሳ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምምና። አክስቴን ያታለላት ይኸው ነው።

ነገር ግን ጓጓላ ሁሉ ነቀርሳ እንዳልሆነ ደግሜ ደጋግሜ ልናገር እወዳለሁ። እንዲያውም በጡት ላይ ከሚገኙት ዕባጮች እጅግ የሚበዙት ነቀርሳ አይደሉም። በእኛ ዕድሜ በሽታው ራሱ በጣም ጥቂት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርሁት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ በቀኝ ጡቴ ላይ ተንሸራታች የሆነች ትንሽ ጓጓላ አገኘሁ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። አክስቴ በዓይኔ ላይ ትመላለስ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ እናቴ ቡና ስታፈላ ከአጠገቧ ተቀምጬ ነገርኋት። እናቴ ጀበናውን አወረደች፤ ሱቋን ዘግታ፥ በባጃጅ አሳፍራ ወደ ሐኪም ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ዳሰሰችኝ፤ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ታየሁ፤ በቀጭን መርፌም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ በወጣት ሴቶች ላይ የተለመደ፥ ነቀርሳ ያልሆነ ዕጢ መሆኑ ታወቀ። እንደሚከታተሉኝ ነገሩኝና ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ያ ጭንቀት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ከሦስት ሌሊት በላይ ብቻዬን አልተሸከምሁትም።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ልመልስ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ በዚሁ በከተማችን በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ታላቅ እኅት፥ «ራስን መመርመር ከሞት እንደማያድን በጥናት ተረጋግጧል፤ ለምን ታስተምሪዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ እውነቱንም መደበቅ አይገባም። በቻይና በሻንጋይ ከተማ 266 ሺህ የሚሆኑ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች በሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ራሳቸውን መመርመር ተማሩ፤ እኩሌቶቹ አልተማሩም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲገለጽ ከተማሩት 135፥ ካልተማሩት 131 ሴቶች በጡት ነቀርሳ ሞተው ተገኙ። ልዩነት አልነበረም ማለት ነው። ከዚህም በላይ የተማሩት ነቀርሳ ላልሆነ ዕባጭ ብዙ ጊዜ ለምርመራ ተዳርገዋል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች ይህን ምርመራ በየወሩ የግድ አድርጉ ብለው አያዝዙም፤ ጡታችሁን ዕወቁ፥ ለውጥ ስታዩ ፈጥናችሁ ኑ ይላሉ።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት እንዲህ ነው። በእጅ መዳሰስ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የሚያድነው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ይኸውም መናገር፥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፥ ናሙና መስጠትና ሕክምናን መፈጸም ነው። ከዚያም በላይ በኢትዮጵያ ከሕሙማን ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ በየወረዳው በማይገኝበት አገር፥ አንዲት ሴት የራሷን አካል ማወቋ ሌላ ባይጠቅም ሁለት የቡና ለቀማ ያህል ከመቆየት ያድናታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዕቅድ አንዲት ሕመምተኛ ሐኪም ካየችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል። ስድሳ ቀን ሁለት ወር ነው፤ አክስቴ ግን ሁለት ዓመት ቆየች።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተደረጉት ጥናቶች ብዙ ሴት ተማሪዎች ስለዚህ ምርመራ ሰምተናል ይላሉ፤ ዘወትር የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱን ሲጠየቁ አንዳንዶቹ አሠራሩን አናውቅም፥ አንዳንዶቹ እንረሳዋለን፥ ሌሎቹም ምልክት ስለሌለን አያስፈልገንም ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ብናገኝስ ብለን እንፈራለን ይላሉ። መስማትና ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ሳሙና መኖሩን የሚያውቅ ሁሉ እጁን እንዳልታጠበ ሁሉ፥ ስለ በሽታው የሰማች ሁሉ ራሷን አልጠበቀችም።

እዚህ ላይ ለክፍል ጓደኞቼ አንድ ነገር ላሳስብ። እኛ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነን፤ ለበሽታው የቀረቡት እናቶቻችን፥ አክስቶቻችንና ታላላቅ እኅቶቻችን ናቸው። እነርሱ ይህን መጽሔት አያነቡ ይሆናል። በመኢሶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው እናት፥ በገለምሶና በበዴሳ ቡና የምትለቅመው አክስት፥ በአሰቦት ፍየል የምትጠብቀው አያት ይህን ነገር ከእኛ አፍ ካልሰሙት ከማን ይሰሙታል? እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ በአማርኛ የሚሰሙትን በአማርኛ፥ በኦሮምኛ የሚሰሙትን በኦሮምኛ፥ በሶማሊኛ የሚሰሙትን በሶማሊኛ እንንገራቸው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የእኛው እኅቶች ናቸው፤ ለማማከር አንፈር።

አሁን ወደ አባቶችና ወደ ወንድሞች እመለሳለሁ። ንግግሬ ያለ እናንተ ግማሽ ይሆናል ያልሁት ስለዚህ ነው። በብዙ ቤት የመጓጓዣውን ገንዘብ የሚሰጠው አባወራው ነው። ከጭሮ እስከ ሐረር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፥ እስከ አዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ማዕከሎች ተቋቁመዋል፤ ለእኛ የሚቀርበውም በሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል ያለው የካንሰር ሕክምና ማዕከል ነው። መንገዱ ረጅም፥ ወጪውም ከባድ ነው። ነገር ግን በጊዜ የተገኘ በሽታ በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊድን ሲችል፥ የዘገየው ግን ሀብትንም ሕይወትንም ይወስዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ነው። ሚስቱ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ» ስትለው «ደኅና ነሽ፥ ተዪው» የሚል ባል ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የፈራ ሰው ይሆናል። ቢፈራም ግን አብሯት ይሂድ። ደግሞም በሽታው በወንዶች ላይ፥ ምንም እንኳ ከመቶ አንድ ያህል እንኳ ባይሞላ፥ ስለሚከሠት ወንዶችም በጡታቸው ላይ ጓጓላ ቢያገኙ ሴት በሽታ ነው ብለው እንዳያፍሩ ይሁን።

በመጨረሻም ስለ ከተማችን አንድ ነገር ላስታውስ። ይህች ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የሚሏት ጭሮ፥ የጨርጨር አውራጃ መቀመጫ በነበረች ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያስተዳደራት ሐኪም ነበር። እርሳቸውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ አገር አደጉ፤ በዚያም ሕክምናን ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዘመናዊ ሕክምናን በመማርም ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ተብለው ይጠራሉ። ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንድትሆን ደክመውባታል። ሐኪም ያስተዳደራት ከተማ ልጆች ሆነን ሐኪም ቤት መሄድ የምናፍር ከሆነ ለታሪካችን አይገባም።

የተከበራችሁ እንግዶች፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ጡቷን ትወቅ። ለውጥ ብታይ በዚያው ሳምንት ለምታምነው ሰው ትናገር። የተነገረው ሰው አይቆጣ፥ አይሳቅ፥ ቅጠል አይለጥፍ፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዳት። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሲልካት ቤተ ሰቧ ይሸኛት። በዚህ መንገድ ላይ አንዱ ከጎደለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እኔ በሚመጣው ዓመት፥ ፈተናውን ካለፍሁ፥ ጤና ትምህርት ለመማር አስባለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ያለችኝ ተማሪ አንዲት ናት፤ እርሷም እናቴ ናት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማታ፥ የአክስቴ ልጅ ከተኛ በኋላ፥ «እማዬ፥ አየሽው?» እላታለሁ፤ እርሷም፥ «አየሁት ልጄ፥ ደኅና ነው» ትለኛለች። ይህች ጥያቄ በየቤታችሁ እንድትጠየቅ እመኛለሁ።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።